ድምፅ በመቀነስ ንጉሥ የሆነው ሬዲዮ ጠጋኝ

ደብስቴፕ የሚለውን ቃል ለሁለት ክፈሉት። ስቴፕ የሚለው ግማሽ በ1990ዎቹ መጨረሻ ለንደን ውስጥ ይጨፈርበት ከነበረው ቱ ስቴፕ ጋራዥ የመጣ ነው። ደብ የሚለው ግማሽ ግን ራቅ አድርጎ ነው የሚወስደን፤ ጃማይካ፣ ኪንግስተን ከተማ፣ ዋተርሃውስ የሚባል የድሆች ሰፈር፣ ድሮሚሊ ጎዳና፣ የቤት ቁጥር 18። እዚያ ቤት ውስጥ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ይሠራ ነበር። አይዘፍንም። ጊታር ወይ ከበሮ ይዞ መድረክ ላይ አይወጣም። ግን ዛሬ በስልካችሁ የምትሰሙት፣ ባሱ ደረት የሚደልቅ ሙዚቃ ሁሉ አንድ እግሩ ከዚያ ቤት ነው የሚነሳው።

የሰውየው ስም ኦስቦርን ሩዶክ ይባላል። ዓለም የሚያውቀው ኪንግ ተቢ በሚለው ነው። ዛሬ ስለሱ እናወራለን። ምክንያቱም የደብስቴፕ ወዳጆች ይኼ ደብስቴፕ ነው፣ ያኛው ግን ዝም ብሎ ጩኸት ነው እያሉ ሲናቆሩ፣ ሳያውቁት የሚናቆሩት በዚህ ሰው ሥራ ላይ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳትደናገሩ።)

ተቢ የተወለደው ጃንዋሪ 28 ቀን 1941 ነው። ቀኗ ለኛ ትንሽ ትገርማለች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው ኦሜድላ ላይ የአገራቸውን መሬት የረገጡት ጃንዋሪ 20 ነበር፣ ማለትም ከ8 ቀን በፊት። ግጥምጥሞሽ ነው፣ ከዚያ በላይ ምንም አንልም። ብቻ የሁለቱ ንጉሦች ነገር ወደ ኋላ ላይ ይገናኛል፣ ጠብቁን።

ተቢ ሲባል እንግሊዝኛ ለሚሰማ ሰው ወፍራም ማለት ይመስላል። ሰውየው ግን ቀጭን ነበር። ስሙ ከእናቱ የቤተሰብ ስም፣ ተብማን ከሚለው፣ የተቆረጠ ነው ይባላል። ኪንግ የሚለው ደግሞ የሰፈር ማዕረግ ነው። በዚያ ዘመን ኪንግስተን ውስጥ ሙዚቃ የሚያስጨፍር ሁሉ ራሱን ይሾም ነበር፤ አንዱ ዱክ፣ አንዱ ፕሪንስ፣ አንዱ ሎርድ። እኛ ሰፈር ቢሆን ደጃዝማቹና ራሱ አይቆጠርም ነበር ማለት ነው።

ያደገው መሃል ከተማ፣ ሃይ ሆልቦርን ጎዳና አካባቢ ነው። ቀጥሎ ቤተሰቡ ወደ ዋተርሃውስ ገባ። ልጁ ኤሌክትሪክ ይወዳል፤ የተበላሸ ሬዲዮ ፈቶ መግጠም፣ ትራንስፎርመር መጠምጠም፣ ማጉያ መሥራት። የኪንግስተን መብራት ደግሞ ቮልቴጁ እንደ ልቡ የሚወጣና የሚወርድ ነበር። የኛን አገር መብራት ለምታውቁ ይሄን ማብራራት አያስፈልግም። ስለዚህ ትራንስፎርመር የሚጠመጥም እጅ በዚያ ከተማ ሥራ አይፈታም።

ትልቁ ደንበኛ ሳውንድ ሲስተም ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በ1950ዎቹ ድሃው ሕዝብ ባንድ የሚጫወትበት ክለብ ለመግባት አቅም የለውም። ስለዚህ አንዱ ነጋዴ ቁም ሣጥን የሚያካክሉ ባፍሎች ያሠራል፣ ማጉያና ሸክላ ማጫወቻ ይጨምራል፣ ክፍት ግቢ ይይዛል፣ መግቢያ ያስከፍላል፣ ቢራ ይሸጣል። እስኪነጋ ጭፈራ ነው። ሁለት ሳውንድ ሲስተም ከተገጣጠመ ደግሞ ፉከራ ነው፤ ያኛው የሌለው ሸክላ ያለው፣ ባሱ ከባድ የሆነው ያሸንፋል። ዱክ ሪድ የሚባለው፣ የቀድሞ ፖሊስ፣ መሣሪያ ታጥቆ ነበር የሚያስጨፍረው። ቀልድ የለም።

ተቢ የሰው ማጉያ ሲጠግን ቆይቶ የራሱን ሠራ። ሆምታውን ሃይ ፋይ አለው። የሱ ከሌሎቹ በምን ተለየ? ሌሎቹ ጮክ የሚል ይሠራሉ፣ እሱ የጠራ ሠራ። ባሱን ለብቻ፣ ቀጭኑን ድምፅ ለብቻ ለይቶ በየራሱ ባፍል ያወጣዋል። በዚያ ላይ ማሚቶ ጨመረበት፤ ሰው ማይክ ይዞ ሲናገር ድምፁ ገደል ውስጥ እንደተጣራ ሰው ይመላለሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው ምን ሊሰማው እንደሚችል አስቡት፤ ጊዜው 1960ዎቹ ነው፣ ማሚቶ የሚሰጥ አፕ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ።

ዱክ ሪድ ትሬዠር አይል የሚባል የራሱ ስቱዲዮ ነበረው። ተቢ እዚያ ሸክላ ቆራጭ ሆኖ ሠራ። ቆራጭ ማለት ቴፕ ላይ ያለውን ዘፈን አሲቴት በሚባል ለስላሳ ሸክላ ላይ የሚቀርጽ ባለሙያ ነው። አሲቴት ቶሎ ያልቃል፣ በተጫወተ ቁጥር መርፌው ይፍቀዋል። ግን ለሳውንድ ሲስተሞቹ ወርቅ ነበር። ያልወጣ ዘፈን፣ አንድ ኮፒ፣ ካንተ በቀር ማንም የለውም! ይቺ አንድ ኮፒ ናት ደብፕሌት የምትባለው። ደብ የሚለው ስም የመጣውም ከዚሁ የመገልበጥ ሥራ ነው።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ ሩዲ ሬድዉድ የሚባል የስፓኒሽ ታውን ሳውንድ ሲስተም ባለቤት ደብፕሌት ሊያስቆርጥ ትሬዠር አይል መጣ። ዘፈኑ ፓራጎንስ የሚባሉት ልጆች የሠሩት ነው። ቆራጩ፣ በዚያ ቀን ባይረን ስሚዝ የተባለው ባለሙያ እንጂ ተቢ አይደለም፣ የድምፁን ትራክ ሳያስገባ ቀረ። ሩዲ ግን አልመለሰውም፤ ማታ ይዞት ወደ ጭፈራው ሄደ። መጀመሪያ ዘፈኑን እንዳለ አጫወተ፣ ቀጠለና ድምፅ የሌለውን አስገባ። ሕዝቡ የጎደለውን ግጥም ራሱ ይዘፍነው ጀመር። በቃ፣ ያቺ ሌሊት የጃማይካ ሙዚቃ አዲስ መንገድ ያዘች። ከዚያ ወዲህ የእያንዳንዱ ሸክላ ጀርባ ቨርዥን የሚባል ነገር ሆነ፤ ከፊት ዘፈኑ፣ ከኋላ ያለ ድምፅ።

የዚህ ጥቅሙ ሁለት ነው። አንደኛው ገንዘብ ነው፣ መሸፋፈን አያስፈልግም፤ ፕሮዲውሰሩ ለጀርባው አዲስ ዘፈን ማስቀረጽ ቀረለት። ሁለተኛው ባዶ ቦታ ነው። በተቢ ሳውንድ ሲስተም ላይ ማይክ የሚይዘው ዩ ሮይ ያንን ባዶ ቦታ በንግግር ሞላው፤ በሚታወቅ ዜማ ላይ እዚያው የፈጠረውን ይለቃል። አዝማሪ ቤት ገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ ነገሩ አዲስ አይሆንባችሁም፤ ዜማው የቆየ ነው፣ ግጥሙ ግን የዛሬ ማታ ነው። በ1970 ዩ ሮይ ለዱክ ሪድ የሠራቸው 3 ሸክላዎች በአንድ ጊዜ የጃማይካን ሠንጠረዥ ከ1 እስከ 3 ያዙ። በኋላ ኒውዮርክ ብሮንክስ ውስጥ ሂፕ ሆፕን ያስጀመረው ዲጄ ኩል ኸርክም የኪንግስተን ልጅ ነው። ራፕ የሚወድ ሁሉ እዚህ ጋ አንድ ጊዜ ቆም ይበል።

ተቢ ግን ድምፁን አውጥቶ መተው አልበቃውም። ምን አለፋችሁ፣ በ1972 ገደማ ዳይናሚክ የሚባለው ትልቁ ስቱዲዮ መሣሪያውን ሲያድስ፣ አሮጌውን ባለ 4 ትራክ ሚክሰር ተቢ ገዛው። በዚህ የረዳው ወዳጁ ፕሮዲውሰር በኒ ሊ ነው። ሚክሰሩን ዋተርሃውስ፣ እናቱ ቤት ወሰደና ተከለው። ቤቱ ጠባብ ነው፣ ባንድ አያስገባም። ስለዚህ ሙዚቃው ቻነል ዋንን የመሰሉ ሌሎች ስቱዲዮዎች ይቀረጽና ቴፑ ወደ ተቢ ይመጣል። ድምፃዊ ሲመጣ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ይዘፍናል። አዎ፣ መታጠቢያ ቤት። የጃማይካ ታላላቅ ድምፆች እዚያ ገብተው ወጥተዋል።

እንግዲህ 4 ትራክ ማለት ይሄ ነው፦ ከበሮው በአንዱ፣ ባሱ በሌላው፣ ጊታሩና ኪቦርዱ በሦስተኛው፣ ድምፁ በአራተኛው። ተቢ ቴፑን ያስነሳና እጁን ሚክሰሩ ላይ ያደርጋል። ዘፈኑ ይጀምራል፣ ድምፃዊው አንድ ቃል ይላል፣ ተቢ ያጠፋዋል። ቃሉ ግን አይሞትም፤ ወደ ማሚቶው ተልኳልና እየራቀ፣ እየደከመ ይሄዳል። ጊታሩ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። የሚቀሩት ከበሮና ባስ ብቻ ናቸው። ሚክሰሩ ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ ክብ ቁልፍ አለች፤ ስትዞር ከታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ደረጃ በደረጃ እየቆረጠች ትጥላለች፣ ፂው የሚል ቀጭን ድምፅ ብቻ እስኪቀር። መልሶ ሲያዞራት ባሱ እንደ ጎርፍ ይመለሳል። ሪቨርቡ ውስጥ ስፕሪንግ አለ፤ ሳጥኑ ሲመታ ነጎድጓድ ይወጣዋል። ተቢ ይመታዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ዘፈኑ እየሄደ፣ በአንድ ትንፋሽ ነው። ተሳስተህ ወደ ኋላ መመለስ የለም። አልወደድከውም? ከመጀመሪያው ትደግመዋለህ፣ ሁለተኛውም ከመጀመሪያው አንድ አይሆንም።

ዛሬ ዲጄ ባሱን ቆርጦ ሕዝቡን ሲያስጠብቅና ድንገት ሲለቀው ድሮፕ ይባላል። ስሙ አዲስ ነው፣ ሥራው ግን የዚያች ትልቅ ቁልፍ ሥራ ነው።

በ1973 ሊ ፔሪ ከተቢ ጋር ብላክቦርድ ጃንግል ደብ የሚለውን አልበም አወጣ፤ ከመጀመሪያዎቹ የደብ አልበሞች አንዱ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ የሚገርም ነገር መጣ። ሸክላ ገዢው የዘፋኙን ስም ትቶ ጀርባውን አዙሮ የሚክሰሩን ስም ይፈልግ ጀመር። የአልበሞች ርዕስ ላይ የተቢ ስም መጻፍ ገበያ ሆነ። መሐንዲስ ኮከብ ሲሆን ብዙም አልታየም ነበር።

ክርክሩም እዚህ ጋ ይነሳል፣ ቀላል ክርክርም አይደለም። ሙዚቃውን የተጫወተው ሌላ ሰው ነው። የዘፈነው ሌላ ሰው ነው። ተቢ የሰው ሥራ ቆራርጦ ነው ስም ያገኘው። ጊታር መቺው ለአንድ ቀን ቀረጻ ተከፍሎታል፤ የሱ ጊታር ግን በስንት ቨርዥን ላይ ዞሯል፣ ለዚያ የሚከፍለው የለም። በዚህ በኩል የተቃዋሚዎቹ ቅሬታ እውነት አለው፣ እኛም አናስተባብልም። ተቢም ቢሆን ከዚህ ሀብታም አልሆነም። ቴፑ የፕሮዲውሰሩ ነው፣ ሸክላው የፕሮዲውሰሩ ነው፤ ተቢ የሚከፈለው የእጁን ዋጋ ነው፣ እንደ ጥገና። ጃማይካ ከእንግሊዝ ዘመን የወረሰችውን የ1911 የቅጂ መብት ሕግ በራሷ ሕግ የተካችው በ1993 ነው። የዚያ ዘመን ሙዚቀኛ፣ መቺውም ቆራጩም፣ ጥላ የለሽ ነበር።

ሙዚቃ አይደለም የሚለውን ግን አንቀበልም። ማስረጃ ከፈለጋችሁ ያዕቆብ ሚለርን ውሰዱ፤ ጄኮብ ሚለር ነው የሚሉት እነሱ። ቤቢ አይ ላቭ ዩ ሶ የሚል ጥሩ የፍቅር ዘፈን አለው፣ ፕሮዲውሰሩ ኦገስተስ ፓብሎ ነው። ተቢ ይህን ዘፈን አፍርሶ ኪንግ ተቢ ሚትስ ሮከርስ አፕታውን የሚለውን ሠራ። በዘፈኑ ውስጥ ልጁ ፍቅረኛውን እየለመነ ነው፣ ታሪኩ ግልጽ ነው። በደቡ ውስጥ ልመናው ተሰባብሯል፤ ግማሽ ቃል ይመጣል፣ ይበተናል፣ ከበሮው እላዩ ላይ ይፈነዳል። የመጀመሪያው ዘፈን ስለ ናፍቆት ይነግራችኋል። ሁለተኛው ናፍቆቱን ራሱን ያሰማችኋል። እና ይሄ መቆራረጥ ብቻ ነው? እኛ አይመስለንም።

ስለ ፓብሎ ካነሳን፣ የኛ ነገር እዚህ ይገባል። ፓብሎ የሚጫወተው ሜሎዲካ ነው፣ በአፍ እየተነፋ በጣት የሚመታ፣ የትምህርት ቤት ልጆች መሣሪያ። ከዚህች አሻንጉሊት መሰል ነገር የሚያወጣው ዜማ ትካዜ አለበት፤ የኛ ጆሮ ዘመድ ያገኘ ያህል ይሰማዋል። ፓብሎ ራስ ተፈሪያን ነው። ኤፕሪል 21 ቀን 1966 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኪንግስተን ሲያርፉ ሕዝቡ ጥበቃውን ጥሶ አውሮፕላኑን ከበበው፤ ያ ቀን እስከ ዛሬ በራስ ተፈሪያኖች ዘንድ በዓል ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሬጌው አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ለበሰ። ተቢ ሚክሰር ላይ ካለፉት ሥራዎች መካከል ያቢ ዩ የተባለው ቪቪያን ጃክሰን ሥራዎች አሉ፤ የዚህ ሰው የ1975 አልበም ስሙ ኮንከሪንግ ላየን ነው። በኛ ቋንቋ ሞዓ አንበሳ ማለት ነው እንግዲህ! የሚገርመው ያቢ ዩ ድሬድ ቢሆንም ንጉሡን አምላክ አይልም ነበር፤ ክርስቲያን ነኝ ብሎ ከጓደኞቹ ጋር ሲከራከር ነው የኖረው። ክርክር የዚህ ሙዚቃ ባሕርይ ነው መሰለን።

ዋተርሃውስ በ1970ዎቹ ሰላም አልነበረችም። ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ሰፈር ለሰፈር ተካፍለው ወጣቱን ያታኩሱት ነበር፤ ሰፈሯ ፋየርሃውስ የሚል ቅጽል ስም ያገኘችው ያለ ነገር አይደለም። የተቢ ሳውንድ ሲስተምም ከፖሊስ አልተረፈም፤ በአሥርቱ ዓመታት አጋማሽ ላይ ፖሊሶች ጭፈራ ላይ መጥተው አወደሙት። ከዚያ በኋላ የተቢ ዓለም ስቱዲዮው ሆነ። ንጹሕ ሰው ነበር ይላሉ የሚያውቁት፤ ልብሱ የተተኮሰ፣ መሣሪያው አቧራ የማያውቅ፣ ሽቦው በመስመር የታሰረ። ጃዝ ይወድ ነበር። ኢንተርቪው አይወድም ነበር። በደብ ሙዚቃ ዝና ውስጥ የሚታየው ጭስና ግርግር በሱ ቤት አልነበረም ማለት ይቻላል።

ይልቅ ትምህርት ቤት ነበር። ፊሊፕ ስማርት ከሱ ተማረ። ሎይድ ጄምስ፣ በኋላ ጃሚ የተባለው፣ ከካናዳ ተመልሶ እሱ ጋ ገባ። ሳይንቲስት የተባለው ሆፕተን ብራውን ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ እያለ ለማጉያ ትራንስፎርመር ፍለጋ መጥቶ እዚያው ቀረ፤ ትንሽ ቆይቶ ሚክሰሩ ላይ ተቀመጠ። ተቢ ራሱ በ1970ዎቹ መጨረሻ ሚክስ ማድረጉን እያቀለለ ለልጆቹ ተወላቸው። ቀን ቀን ማጉያ ይሠራል። ወደ ድሮ ሙያው ተመለሰ ማለት ነው፤ ወይም ከሱ ወጥቶ አያውቅም።

ከዚያ 1985 መጣች፣ ሌላ ክርክር ይዛ።

ጃሚ አሁን የራሱ ስቱዲዮ አለው። ዌይን ስሚዝ የሚባል ልጅ ካሲዮ ኤምቲ 40 የምትባል ትንሽ ኪቦርድ ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ አንድ ምት አገኘ። ምቱን ጃፓን ውስጥ ካሲዮ ቤት የሠራችው ኦኩዳ ሂሮኮ የተባለች ወጣት ናት፣ የሬጌ ወዳጅ። ጃሚ ምቱን አዘገየው፣ ዌይን ዘፈነበት፣ አንደር ሚ ስሌንግ ቴንግ ተባለ። ከበሮ መቺ የለም። ባስ መቺ የለም። በፌብሩዋሪ ወር በአንድ የሳውንድ ሲስተም ግጥሚያ ላይ ሲለቀቅ ከተማው ተገለበጠ። ሙዚቀኞቹም ደነገጡ፤ እንጀራቸው ነው የተነካው። ይሄ ሬጌ ነው ወይስ የአሻንጉሊት ጩኸት? የሚለው ጥያቄ ተነሳ።

ተቢ የት ቆመ መሰላችሁ? የድሮው ዘመን ንጉሥ ነው፤ ተማሪው ቀደመው ቢባል ማኩረፍ ይችል ነበር። አላኮረፈም። በዚያው ዓመት ከአንቶኒ ሬድ ሮዝ ጋር ቴምፖ የሚለውን ዘፈን አወጣ፤ ኮምፒውተራማ፣ ቀዝቃዛ፣ ባሱ ጨለማ የሆነ። እኛን ከጠየቃችሁን ከስሌንግ ቴንግ ይበልጣል፣ ግን ይሄ የጣዕም ነገር ነው። ዋናው ነገር ሌላ ነው፤ አሁን ተቢ ፕሮዲውሰር ሆኗል። አዲስ፣ ሰፋ ያለ ስቱዲዮ ሠርቷል። ፋየርሃውስ፣ ዋተርሃውስ፣ ቶውረስ የሚሉ የራሱ ሌብሎች አሉት። ከ15 ዓመት የእጅ ዋጋ በኋላ ቴፑ የራሱ ሆነ።

አልቆየም። ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1989 ሌሊት ከስቱዲዮ ወጥቶ ዱሃኒ ፓርክ ወደሚገኘው ቤቱ ደረሰ። ደጁ ላይ በጥይት ተመትቶ ተገደለ። ዝርፊያ ነው ተባለ። ገዳዩ ተለይቶ ለፍርድ አልቀረበም። ዕድሜው 48 ነበር።

ደብስቴፕ የሚባለውን ነገር አልሰማም ማለት ነው። ቢሰማው ምን ይል ነበር እያሉ መገመት አንወድም፤ የሞተን ሰው ለክርክራችን ምስክር ማድረግ ደስ አይልም። ሥራውን ግን ማየት እንችላለን።

ሳውንድ ሲስተም ከጃማይካ ስደተኞች ጋር እንግሊዝ ገብቶ ነበር። የነሱ ልጆችና የጎረቤቶቻቸው ልጆች ጃንግልን ሠሩ፣ ቀጥሎ ጋራዥን። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደቡብ ለንደን፣ ክሮይደን ውስጥ ቢግ አፕል የሚባል ሸክላ ቤት የሚያዘወትሩ ታዳጊዎች፣ እነ ስክሪምና ቤንጋ፣ ከጋራዡ ላይ ዘፋኟን አወጡ፣ ብልጭልጩን አወጡ፣ ከበሮውን አሳሱ። በደቂቃ 140 ምት ላይ ሆኖ ግማሽ ፍጥነት የሚመስል፣ ባዶ ቦታ የበዛበት፣ ባሱ ብቻውን የሚራመድ ሙዚቃ ቀረ። ብሪክስተን ላይ በ2005 ዲኤምዚ የሚባለው ምሽት ሲጀመር ልጆቹ አዲስ ሥራቸውን በአሲቴት እያስቆረጡ ነበር ይዘው የሚመጡት። በዲጂታል ዘመን! አንድ ኮፒ፣ መርፌ የሚፍቀው፣ ካንተ በቀር ማንም የሌለው። የትሬዠር አይል ሥራ 40 ዓመት ሊሞላው ሲል ለንደን ላይ ተነሳ።

ከዚያ ስክሪሌክስ መጣ። የ2010 ሥራው ዓለምን አዳረሰ፣ በ2012 ሦስት ግራሚ ወሰደ። ያኔ ነው ሙግቱ የጦፈው። የለንደኖቹ ወገን ይሄ ደብስቴፕ አይደለም አለ፤ ባሱ ከታች ወጥቶ መሃል ላይ የሚያጓራ ሆኗል፣ ባዶ ቦታ የለውም፣ ድሮፕ ብቻ ነው። ብሮስቴፕ ብለው ሰየሙት፣ ለስድብ። ሌላው ወገን ደግሞ ሕዝብ እየጨፈረ ነው፣ ሙዚቃ አይታሰርም አለ።

እኛ ወደየት እናደላለን? ጩኸትና ክብደት አንድ አይደሉም፣ በዚህ ከለንደኖቹ ጋር ነን። የተቢ ባስ የሚከብደው ዙሪያው ባዶ ስለሆነ ነው። ሁሉም ነገር እኩል ከጮኸ የሚወድቅ ነገር የለም፣ ስለዚህ ድሮፕም የለም። ግን ድንበር አጥር እንዲሆን የሚፈልጉትን ስናይ 1985 ትዝ ይለናል። ካሲዮ ሬጌ አይደለም ያሉት ሰዎች ተሸንፈዋል፤ ያሸነፋቸው ደግሞ ባዕድ ሳይሆን ጃሚ ነው፣ ተቢም ከጎኑ ተሰለፈ። ስክሪሌክስም ቢሆን በ2012 ከዴሚያን ማርሊ ጋር ሲሠራ መንገዱን ወደ ኪንግስተን መልሶ አገኘው።

መንገዱ በኛም ከተማ አልፏል። በ2008 ደብ ኮሎሰስ የሚባለው የእንግሊዝ ፕሮጀክት ኤ ታውን ኮልድ አዲስ የሚል አልበም አወጣ፤ ፀደንያ ገብረማርቆስና ፒያኒስቱ ሳሙኤል ይርጋ አሉበት። የአዲስ አበባ ዜማ በተቢ ማሚቶ ውስጥ ሲያልፍ እንዴት እንደሚሆን ለማወቅ ከሱ ጀምሩ።

ለተቢ ራሱ ግን በቅደም ተከተል ስሙት። መጀመሪያ የጄኮብ ሚለርን ቤቢ አይ ላቭ ዩ ሶ እስከ መጨረሻው። ቀጥሎ ኪንግ ተቢ ሚትስ ሮከርስ አፕታውን። ከዚያ የአንቶኒ ሬድ ሮዝ ቴምፖ፣ መጨረሻ ላይ የስክሪም ሚድናይት ሪክዌስት ላይን። አደራ፣ በስልኩ ስፒከር አትስሙት፤ ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን ብዙም አያወጣም፣ ስለዚህ የተቢ ግማሹ አይሰማችሁም። ኢርፎን ይሻላል። ደህና ሳቡፈር ያለው ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ሂዱበት፣ ጎረቤቱ ከመተኛቱ በፊት።